የአባቴ ገመና እና ክብርት ድምፅ ማጉያ

ቀስ ብሎ ማውራት የማይችል ሰው ሁሉ ሥራ የሚያገኘው የሰው ገመና ባለበት ቦታ ነው። ይህን በጥናት አላረጋገጥኩም፤ ግን እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ሲናገር ካልተጠጉት የማይሰማ ሰው ወይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፣ ወይ ኳስ ሜዳ በር ላይ ትኬት ይቆርጣል። ጡሩምባ የዋጠውን ደግሞ መድኃኒት ቤት ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሰው በተሰለፈበት፣ ያውም የልጃችሁ አስተማሪ ከኋላችሁ በቆመችበት ሰዓት፣ «የኪንታሮቱ ቅባት የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እጃችሁን ካላወጣችሁ ይደግመዋል። ካወጣችሁ ደግሞ አቀባቡን በዝርዝር ያስረዳችኋል፤ ሰልፉም አብሮ ይማራል።

እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሆኑ፣ የሙያው ቁንጮ ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴት አውቃለሁ። የሚሠሩት አባቴ በሚኖርበት የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ራሳቸውን ችለው መታጠብና መጸዳዳት ያቃታቸውን ሰዎች ይረዳሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም አለ፤ በሱ የሚጠራቸው ግን የለም። ከአባቴ ፊት ለፊት ባለው ክፍል የሚኖሩት ጡረተኛ የሂሳብ አስተማሪ አንድ ቀን «ድምፅ ማጉያ» አሏቸው፤ ስሙም በልካቸው የተሰፋ ይመስል ገጠመ። ለደረጃቸው የሚመጥነውን «ክብርት» የጨመርኩበት እኔ ነኝ።

ክብርት ድምፅ ማጉያ ትከሻቸው የሰፋ፣ እጅጌያቸውን ሁልጊዜ እስከ ክርናቸው የሰበሰቡ ሴት ናቸው። ከመድረሳቸው በፊት ድምፃቸው ይደርሳል፤ ከሄዱም በኋላ ትንሽ ይቆያል። በየበሩ ላይ «እባክዎ አንኳኩተው ይግቡ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። እርሳቸውም፣ እውነት ለመናገር፣ ያንኳኳሉ። የሚያንኳኩት ግን ከገቡ በኋላ ነው። በሩን በክርናቸው በርግደው፣ መሀል ክፍል ላይ ቆመው፣ ቁም ሳጥኑን ቋ ቋ ያደርጉና «አለን ወይ?» ይላሉ። የት እንሄዳለን? መሮጥ የቻለ ሰው እዚያ ቤት አይገኝም።

መጋረጃ አይወዱም ብዬ ስማቸውን አላጠፋም። በየአልጋው ዙሪያ የሚሳብ መጋረጃ አለ፤ ሰው ገላውን ሲታጠብ ወይም ዳይፐር ሲቀየርለት እንዲጋረድበት የተሰቀለ ነው። ክብርትነታቸው ግማሹን ይስቡታል። ግማሹን የሚተዉት ኮሪደሩን እያዩ ለመሥራት ነው፤ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ሳያውቁ ሰው ማጠብ አይሆንላቸውም። እጃቸው የአንዱን ጀርባ በሳሙና እያሸ፣ አፋቸው ከጠያቂ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። «ግቡ፣ ግቡ፣ እየጨረስን ነው! ምን ያሳፍራል? ሁላችንም ሰው ነን!»

ይህች «ሁላችንም ሰው ነን» የምትባል ነገር መፈክራቸው ናት። ልብ በሉ፣ እርሳቸው ይህን የሚሉት ሁልጊዜ ልብስ ለብሰው ነው።

አንድ ጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ፣ መመገቢያ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ሾርባቸውን ይጠጡ ነበር። ስንቱን ወንጀለኛ ፊታቸው ያቆሙ፣ ዛሬም ማንኪያ ሲያነሱ ፍርድ የሚያነቡ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ክብርትነታቸው ከአዳራሹ ማዶ «ዳኛዬ!» ብለው ተጣሩ። «ያ ዳይፐር ጠቦዎታል መሰለኝ፣ አንሶላው ሁሉ ርሶ ነው ያገኘሁት! ግድ የለዎትም፣ ከዛሬ ጀምሮ ትልቁን ነው የማደርግልዎት!» ዳኛው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ድሮ ቢሆን ችሎት በመድፈር ያስቀጧቸው ነበር፤ አሁን ግን ሾርባቸውን ሳይጨርሱ ዊልቸራቸውን ወደ ክፍላቸው እንዲገፉላቸው ብቻ ጠየቁ።

የሂሳብ አስተማሪው ደግሞ ሆድ ድርቀት አለባቸው። እንዴት አወቅሽ ካላችሁኝ፣ የማያውቅ የለም። ክብርትነታቸው ከኮሪደሩ ጫፍ ሆነው «አስተማሪ! ዛሬም እምቢ አለ?» ይላሉ። እምቢ ያለው ምን እንደሆነ ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል። ጠያቂ ሁሉ ገና «እንዴት ዋሉ» ሳይላቸው ስለ አንጀታቸው ይጠይቃቸው ጀመር፤ አንዱም ፓፓያ ሳይይዝ አይመጣም።

እዚህ ላይ ግን ቀልዴን ላቁም። ከአባቴ ክፍል ሁለት በር አለፍ ብሎ አንዲት እናት አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ጸጉራቸውን እንኳ ሳይሸፍኑ ሰው ፊት ቀርበው የማያውቁ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት። አንድ ቀን ክብርትነታቸው እያጠቧቸው ሳለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምፖል ሊቀይር መጣ። ሰውየው ከበሩ ላይ ሲያይ ደንግጦ ሊመለስ ነበር። «ግባ እንጂ! እናትህ ማለት አይደሉም እንዴ? ምን ያሳፍራል?» አሉት። ገባ። መሰላሉን ዘርግቶ ወደ ጣሪያው ብቻ እያየ አምፖሉን ቀየረ። እናትየዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በኮሪደሩ ሳልፍ እኔም አየሁ፤ ማየት ያልነበረብኝን አየሁ። ያን ቀን ድምፅ ማጉያን ጠላኋቸው። ሌላ የለሰለሰ ቃል አልፈልግለትም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በሰፈራችን ስለ ሰው ገላ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የማን አንድ ትከሻ ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ማን በኮቱ ደረት ውስጥ ጥጥ እንደሚያስጨምር፣ የትኛዋ ሙሽራ ቀሚሷ ከሆዷ ላይ ሰፋ እንዲልላት በጆሮው እንደነገረችው ያውቃል። ሱቁ ሁለት ሰው ከገባባት የምታጨናንቅ ነበረች፤ ሆኖም አንዱን ጥግ በወፍራም መጋረጃ ከልሎ፣ ልክ የሚወስደው ከዚያ ኋላ ነበር። እናቴ «የእከሌ ሚስት ወፍራለች አይደል?» ስትለው «እኔ ምን አውቄ» ይላታል፤ ይህን ሲል የዚያችኑ ሴት ቀሚስ ጎን እየተረተረ ያሰፋ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። እኔ ብቻዬን ላነሳው ብሞክርም ወገቤ እምቢ አለ፤ ሁለታችንም ወለል ላይ ከወደቅን በኋላ መጦሪያ ገባ። እንግዲህ በክብርትነታቸው እጅ የወደቀው ይህ ሰው ነው።

በገባ ሰሞን ከአክስቴ፣ ከታናሽ እህቱ ጋር ልንጠይቀው ሄድን። ገና በሩ ላይ ሳለን ክብርትነታቸው ከውስጥ ብቅ አሉ። «እንኳን ደስ ያላችሁ! አባባ ዛሬ ወጣላቸው! ይህን የሚያህል!» አሉና መጠኑን በሁለት እጃቸው አሳዩን። አክስቴ የያዘችውን ብርቱካን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆማ ቀረች። «ተመስገን ነው» አለች በመጨረሻ፤ ምን ትበል? አባቴ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ እየቆለፈ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። እኛ ቁጭ ብለን እስክንነሳ ድረስ ፊቱን ወደ እህቱ አላዞረም።

ከዚያ በኋላ አባቴ መጸዳጃ ለመሄድ ደወል መጫን እየተወ መጣ። እኔ ሞኟ እየበረታ ነው ብዬ ተደሰትኩ። የውሃ ብርጭቆውም ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ ደህና ይጠጣል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው አበባ ከምንጊዜውም በላይ አምሮባታል። አበባዋ ስትወፍር አባቴ ሲከሳ አየሁ፤ ግን ነገሩን አላገናኘሁትም። አንድ ቀን ትኩሳት አቃጠለው፣ መዘባረቅ ጀመረ፣ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ሰውነቱ ውሃ አጥቶ እንደደረቀ፣ የሽንት ቧንቧውም እንደተመረዘ ነገረኝ። «ሁለተኛ እንዲህ ከሆኑ ኩላሊታቸው አይችለውም» አለ።

ትኩሳቱ ሲበርድለት ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ያ ሁሉ ውሃ የት ሄደ?»

«አበባዋን አጠጣኋት።»

«ለምን?»

ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። «ካልጠጣሁ አልሸናም» አለኝ። «ካልሸናሁ ደግሞ የምትናገረው ነገር አይኖራትም።»

በንዴት ጦፌ የመጦሪያው ኃላፊ ቢሮ ገባሁ። ኃላፊዋ በትዕግሥት ሰሙኝ። ስለ ነዋሪዎች ክብርና ገመና አጠባበቅ ሥልጠና መሰጠቱን፣ በሥልጠናውም ላይ ከሁሉ የበለጠ ሐሳብ የሰጡት ክብርት ድምፅ ማጉያ መሆናቸውን ነገሩኝ። ማን ይጠራጠራል! ቀጥለው ደግሞ፣ እርሳቸው በሚሠሩባቸው ክፍሎች ብዙ ተኝቶ ጀርባው የቆሰለ አንድም ሰው እንደሌለ፣ ደወል ሲጮህ ሌላው ሲያዛጋ ሮጠው የሚደርሱት እርሳቸው እንደሆኑ አስረዱኝ። ይህም እውነት ነው። ሰውን በሙሉ ልብ ለመጥላት ስትነሱ እንዲህ ዓይነት እውነት ሲደነቀርባችሁ እንዴት እንደሚያበሽቅ ታውቃላችሁ።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አንሶላ ሲያጥፉ አገኘኋቸው።

«እርስዎን ላነጋግርዎት ፈልጌ ነበር» አልኩ። እኔ ስናደድ አንቱ እላለሁ።

«ውይ፣ አንቺ በይኝ እንጂ! እኩያሞች አይደለን እንዴ?»

«አባቴ ውሃ መጠጣት የተወው በእርስዎ ምክንያት ነው።»

አንሶላው እጃቸው ላይ ቀረ። «በእኔ?»

«ሽንቱንም ሆዱንም ኮሪደር ለኮሪደር ስለሚያውጁበት። እንዳይወራበት ብሎ ደርቆ ሊሞትልዎት ነው።»

ይጮኹብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እርሳቸው ግን ያልታጠበው ልብስ ክምር ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«እኔ እኮ ደስ እንዲላችሁ ብዬ ነው» አሉ። «የታመመ ሰው ሆዱ ሲከፈትለት የምሥራች አይደለም እንዴ?»

«ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ለአክስቴ ምን ያደርግላታል?»

«እና ዝም ብዬ ላጥባቸው?» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ። «ዝም ተብሎ የሚታጠብ ሬሳ ነው! እናቴን ዝም ብዬ ነው ያጠብኳት፤ ምን እላታለሁ? አትሰማኝ! ከዚያ ወዲህ እስትንፋስ ያለውን ሰው ዝም ብዬ አላጥብም ብያለሁ። አልችልማ!»

ንዴቴ ግን ገና አልወጣልኝም ነበር። «እንግዲያው ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ» አልኳቸው።

«ወፍጮ ቤት ነው ያደግኩት፤ እዚያ ካልጮሁ ማን ይሰማል? ጆሮዬም ደህና አይደለም። እስቲ ልሞክር» አሉና ወደ እኔ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። «አባባን ይቅርታ በይልኝ።»

ከግቢው አትክልተኛው «አቤት?» አለ።

ሌላ መጦሪያ ማፈላለግ ጀመርኩ። ሰው በዚያ ዕድሜው ይለወጣል ብዬ አላመንኩም፤ ዛሬም አላምንም። አባቴ ወደ ክፍሉ ተመልሶ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ውሃ እኔ ስኖር እየጠጣ፣ ስሄድ ምን እንደሚያደርግ ሳላውቅ ሰነበትን።

አንድ ጠዋት ስመጣ በኮሪደሩ ወንበሮች ላይ የተቀመጡ ጠያቂዎች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይሳሳቃሉ። የክብርትነታቸው ድምፅ ከአባቴ ክፍል ይንጎደጎዳል። «እኔ እኮ ሳስነጥስ ያመልጠኛል! ትናንት ታክሲ ውስጥ አስነጥሼ፣ ሰፈሬ ሳልደርስ ወርጄ በእግሬ ገባሁ! የሚያሳፍረው ደግሞ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው 'ይማርሽ' አለኝ! ከምኑ ነው የሚምረኝ?» ጠያቂዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እርሳቸው ቀጠሉ። «ኪንታሮቴማ ተዉት፤ ወንበር ሳይ ነው የሚያመኝ! ያ ባሌ የሚሉት ሰውዬ የሄደው ለምን ይመስልዎታል? ሳንኮራፋ ነዋ! ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበ ነው ጥሎኝ የወጣው!»

ደሜ ፈላ። ብሎ ብሎ ደግሞ የታመመ ሽማግሌ ላይ የራሳቸውን ጉድ ይዘከዝኩበት ጀመር አልኩ። ላስቆማቸው ተንደርድሬ ሄድኩና በሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። በሩ ተዘግቷል። የእርሳቸው በር ተዘግቶ አይቼ አላውቅም። በበሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስታወትም ከውስጥ በፎጣ ተሸፍናለች። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። አባቴ ሲያገላብጡት ዳሌውን ስለሚያመው ያቃስታል፤ ማቃሰቱ አልተሰማኝም። ውሃው ሲንቦጫረቅ፣ ዳይፐሩ ሲቀደድ፣ ሌላም ሌላም የሚሰማ ነገር ይኖራል፤ አንዱም አልተሰማኝም። ያ ሁሉ ሰው ጆሮውን አቁሞ ከዚያ ክፍል የሚሰማው የአንዲት ሴትዮ ኪንታሮት ብቻ ነበር።

በዚህ መሀል የቧንቧ ሠራተኛ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣና፣ እኔ ሳልከለክለው፣ የበሩን እጀታ ያዘ።

«ማነው? እንዳትገባ!» ብለው ጮኹ ከውስጥ። «ራቁቴን ነኝ!»

ሰውየው እጁ እንደተቃጠለ ሁሉ እጀታውን ለቀቀው፤ ቦርሳው ወደቀ፣ መፍቻው በኮሪደሩ ተንከባለለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፊት ለፊት ዊልቸራቸው ላይ የተቀመጡት የሂሳብ አስተማሪ እንባቸውን እየጠረጉ ነበር። ከዚያ ከበሩ ኋላ አንድ ሌላ ሳቅ ተሰማኝ፤ ሳል የሚመስል፣ የሚቆራረጥ ሳቅ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴን ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

ሴትየዋ ዝም ማለት አይችሉም። ስለዚህ ወሬውን ቀየሩት። የአባቴን ገመና ሲያወሩ በኖሩበት አፍ የራሳቸውን እያወሩ፣ ራሳቸውን ለኮሪደሩ ሳቅ አሳልፈው ሰጥተው፣ እሱን ከዚያ ኋላ ቀስ ብለው ያጥቡታል። ይህን ሐሳብ ሥልጠና ላይ የነገራቸው ያለ አይመስለኝም፤ የሚነግራቸውም ሰው ጤነኛ አይሆንም። እኔ ግን እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

በሩ ሲከፈት ክብርትነታቸው ልብሳቸውን እስከ አንገታቸው ለብሰው፣ በላብ ተጠምቀው ወጡ። ሲያዩኝ ደስ አላቸው። «አየሽ?» አሉኝ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እየሰማ። «ስለ አባባ አንዲት ነገር ትንፍሽ አላልኩም!» ትንሽ አሰቡና ደግሞ «ብዙ ነገር ቢኖርም!» ብለው ጨመሩበት።

ተለወጡ ብዬ አላታልላችሁም። አሁንም የሚያንኳኩት ከገቡ በኋላ ነው። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ማን ጥርሱን ክፍሉ እንደረሳ፣ የማን ልጅ ሳይጠይቀው እንደቆየ ዛሬም ያውጃሉ፤ በዚህ ነገር እስካሁን እንጣላለን። ለእጥበት ሰዓት ግን ለየክፍሉ የየራሱን ወሬ ደልድለዋል። ዳኛው የፍቺውን ጉዳይ ከነምስክሩ ይሰማሉ፤ አስተማሪው ኪንታሮቱ ደርሷቸዋል። እኚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩት እናት ዘንድ ሲገቡ ደግሞ በሩን በወንበር ይደግፋሉ፣ መጋረጃውን እስከ ጥግ ይስባሉ፣ ገላቸውንም በአንሶላ ሸፍነው የሚታጠበውን ብቻ እየገለጡ ያጥቧቸዋል። እዚያ ክፍል የትኛውን ጉዳቸውን እንደሚያወሩ አልነግራችሁም፤ ኮሪደሩ ያውቀዋል።

ባለፈው ሰሞን ከአባቴ ክፍል ወጥቼ ወንበር ላይ አረፍ ብዬ ነበር። አጠገቤ ከረባት ያሰረ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ጠያቂ ተቀምጧል። ክብርትነታቸው ከአባቱ ክፍል ስለ ማንኮራፋታቸው ሲያስተጋቡ ፊቱ ጨፈገገ። «ይህች ሴትዮ ነውር የሚባል ነገር አልፈጠረባትም እንዴ?» አለኝ። «የራሷን ገመና እንኳ መሸፈን የማትችል ሴት የሰው አባት ታጥባለች?»

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ አንብባችኋል። ከእኔ በላይ ያማቸው ሰው የለም፤ ሐሜቱንም በጽሑፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ያለው ሁሉ እኔም ያልኩት ነው። ግን ከወንበሬ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። «ስለ እሳቸው ስትናገር አፍህን ሰብስብ!» አልኩት። «የአንተን አባት ገመና ማን እየሸፈነለት እንደሆነ ታውቃለህ? ታውቃለህ ወይ?» ሌላም ብዙ ተናገርኩ። ከወጥ ቤት ሰው ወጣ፣ ነርሷ ሮጣ መጣች፣ ዘበኛው ከግቢ በር ድረስ ምን ተፈጠረ ብሎ ደረሰ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ አባቴ የሸሚዙን አንገት ቆልፎ፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ምን እንዲህ ያስጮህሻል? ሰው ይሰማል እኮ» አለኝ። ከዚያም ባዶ ብርጭቆውን ዘረጋልኝ። «ይልቅ ውሃ ቅጂልኝ፤ ጠምቶኛል።»